የተበተነን ገበና መሰብሰብ



«ገበና» የሚለው የአማርኛ ቃል ሰፊ ነው። ነውር ማለት ብቻ አይደለም፤ ኃጢአት ማለትም አይደለም። የሰው ድህነቱ፣ ሕመሙ፣ የቤቱ ጠብ፣ ሲያለቅስ ያደረበት ሌሊት፣ በጠቅላላው ባዳ ሊያየው የማይገባ የጓዳው ነገር ሁሉ ገበናው ነው። ጨዋ ጎረቤት ይህን ድንገት ቢያይ እንኳ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ዛሬ የሕግ ባለሙያዎችና የቴክኖሎጂ ሰዎች «ግላዊ መረጃ» ከሚሏቸው ነገሮች ብዙዎቹ ወላጆቻችን ገበና ሲሏቸው የኖሩ ናቸው። የቀድሞው ገበና ቢወጣ ከሰፈር እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ሰፈሩም ከጊዜ በኋላ ይረሳዋል። በመረጃ መረብ ላይ የወጣ ገበና ግን ሰፈር የለውም፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ትናንት የወጣ መስሎ ይገኛል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከአንዲት እኅታችን ጋር የደከምንባቸው አምስት ወራት ናቸው። ታሪኳ ሌሎችን ይጠቅማል ብላ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ስሟን፣ አጥቢያዋንና የሄደችበትን ጠበል ግን አልጠራም።

እኅታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በጽኑ ታማ ሱባኤ ይዛ ስትጠመቅ ሰነበተች። ከዕለታት በአንዱ በጠበሉ ቦታ ጮኻ ወደቀች። ነጠላዋ ከላይዋ ወረደ፣ ጠጉሯ ተበተነ። አስጠማቂው «ማን ነህ? የማንን ልጅ ያዝህ? ከየትስ አገኘሃት?» እያሉ ሲጠይቁ ከአንደበቷ የወጣው መልስ ስሟን ከነአባቷ፣ ሰፈሯንም ጭምር የሚናገር ነበር። በዙሪያዋ ከቆሙት አንዱ ይህን ሁሉ በስልኩ ቀረጸው። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል። በቀይ ፊደል «ጉድ» የሚል ርእስ ተሰጥቶት በዩቲዩብ ተለቀቀ፤ ከሥሩም ሊረዷት ለሚፈልጉ ተብሎ የወንድሟ ስልክ ቁጥር ተጻፈ። እርሷ ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ትምህርቷንም ጨርሳ በአንድ መድኃኒት ቤት ሥራ ያዘች። መቀረጿን ያወቀችው በምሳ ሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስልኳን አቅርባ «ይህቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ባለቻት ጊዜ ነው።

ወደ እኔ የመጣችው በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚዲያ ክፍል ስለማገለግል ነው። «መዳኔን አልደብቅም» አለችኝ፤ «ግን ያን ሰዓት እኔ ራሴ አላውቀውም። እኔ የማላውቀውን የራሴን ሁኔታ ሰው ሁሉ ለምን ያየዋል?» ለጥያቄዋ መልስ አልነበረኝም፤ ሥራውን ግን በዚያው ሳምንት ጀመርን።

ከማጥፋት በፊት የተበተነውን ሁሉ ፈልጎ መቁጠር ይገባል። ይህ በእኛ ቋንቋ ከሚታሰበው በላይ አድካሚ ነው። በአማርኛ አንዱ ድምፅ ብዙ ፊደል አለው። «ሥላሴ» በንጉሡ ሠ ቢጀምር በእሳቱ ሰ ቢጀምር ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር መፈለጊያ ግን ሁልጊዜ አንድ አይሆንለትም። ኃይል፣ ሐይል፣ ሀይል፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ፤ ሁሉም ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው። ድርብ ስም ሲሆን ደግሞ አንዱ ነጣጥሎ፣ ሌላው አያይዞ ይጽፈዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ልክ የለውም። ስሟን ከነአባቷ በዐሥራ ሰባት ዓይነት አጻጻፍ ፈለግን። የርእሱን ቃላትና የወንድሟንም ቁጥር፣ አንድ ጊዜ በ09፣ አንድ ጊዜ በ+251 አድርገን ሞከርን። የቪዲዮውን የሽፋን ምስል ደግሞ በምስል መፈለጊያ አስገባነው። በመጨረሻ ሰባት አገኘን፦ ዋናውን ቪዲዮ፣ ከእርሱ ተቆርጠው በሌሎች ሦስት የዩቲዩብ ቻናሎች የተጫኑትን፣ በቲክቶክ ሁለት፣ በቴሌግራም አንድ።

የእያንዳንዱን ገጽ ምስል አስቀርተን፣ ሊንኩን፣ የቻናሉን ስምና ያየንበትን ቀን በደብተር መዘገብን። አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ለክስ የሚሆን ማስረጃ አይገኝምና። ደብተሩም በእርሷ እጅ እንዲቀመጥ አደረግን።

እዚህ ላይ ወጣቶች በቅን ልብ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። የሰው ገበና በመረጃ መረብ ወጥቶ ሲያዩ ሊንኩን በቴሌግራም ቡድን ይለጥፉና «ሁላችሁም ሪፖርት አድርጉ» ይላሉ። ሁለት መቶ ሰው ሪፖርት ያደርግ ዘንድ ሁለት መቶ ሰው እንዲያየው ተጋበዘ ማለት ነው። ተመልካቹ ሲበዛ ደግሞ መድረኩ «ተወዳጅ ነው» ብሎ ለሌሎችም ያቀርበዋል። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን በተኛ ጊዜ ሴምና ያፌት ልብሱን በጫንቃቸው ይዘው የኋሊት መሄዳቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ የአሠራር መመሪያ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ገበናን የሚሸፍን ሰው ራሱ ማየት የለበትም፤ ሌላውንም ና እይ ብሎ አይጠራም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሦስት ሰው በላይ እንዳያውቀው አደረግን። እኔም ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቼ፣ ለአቤቱታው የሚያስፈልገውን ቦታ ብቻ ነው የተመለከትኩት።

ቀጥለን ዋናውን ቪዲዮ ለጫነው ሰው ደወልን። ክፉ ሰው አልነበረም። ቪዲዮው ገቢ እንደሚያስገኝለትም አልሸሸገም። ዋና ክርክሩ ግን ሌላ ነበር፦ «ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ስንቱ ይህን አይቶ ወደ ጠበል መጣ? ማጥፋት ተአምሩን መደበቅ አይሆንም ወይ?»

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ብዙ ምእመናንም የሚያስቡት እንዲሁ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በወንጌል ሁለቱንም እናገኛለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ለምጻሙ ከነጻ በኋላ ለማንም እንዳይናገር ታዟል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ በጌርጌሴኖን አገር ሌጌዎን አድሮበት የነበረው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ የተደረገለትን እንዲያወራ ተልኳል። ዳሩ ግን የተላከው ማን ነው? የዳነው ሰው ራሱ ነው። የአገሩ ሰዎች መጥተው ያገኙትም ለብሶ፣ ልቡናው ተመልሶለት፣ ተቀምጦ ነው። እርግጥ ወንጌላዊው በመቃብር መካከል እየጮኸ መኖሩን፣ ሰንሰለት መበጠሱን፣ ራሱን በድንጋይ መቧጨሩን አልተወም። ይሁን እንጂ የሰውዬው ስም ማን እንደ ነበር፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ተአምሩ ሙሉ ለሙሉ ተነግሯል፤ ባለታሪኩ ግን ከነስሙ ለአደባባይ አልተሰጠም። የጠበል ምስክርነት በዚህ መልክ ሊነገር እንደሚችል፣ ከሁሉም በፊት ግን የዳነው ሰው ፈቅዶና ራሱ መርጦ ሊናገረው እንደሚገባ አምናለሁ።

ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ ይሁንታውን ግን አልሰጠኝም። ልቡን የመለሰችው እርሷ ናት። ስልኩን ተቀብላ «ወንድሜ፣ የእናትህ ልጅ ብሆን ነጠላዬ በወደቀበት ትተወኝ ነበር?» አለችው። በማግስቱ ቪዲዮውን አወረደው፤ ይቅርታ የሚል አጭር መልእክትም ላከላት።

ከቀሩት የዩቲዩብ ቻናሎች አንዱ በጽሑፍ ስንጠይቀው አነሣ። ሁለቱ ዝም ስላሉ የዩቲዩብን የግላዊነት አቤቱታ ተጠቀምን። አቤቱታውን የሚያቀርበው ገበናው የወጣበት ሰው ራሱ ነው፤ ለሕፃን ግን ወላጁ ያመለክትለታል። የታየችበትን ደቂቃና ሰከንድ፣ በምን እንደምትታወቅ፣ በፊቷ፣ በድምፅዋ ወይስ በስሟ፣ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያም ዩቲዩብ ለባለ ቻናሉ ራሱ እንዲያስተካክል 48 ሰዓት ሊሰጠው ይችላል፤ ካላደረገው ጉዳዩን የድርጅቱ ሠራተኞች ይመለከቱታል። አንዳንዶች «የቅጂ መብት ክስ ይፈጥናል፤ እርሱን አቅርቡ» ብለው መክረውን ነበር። የቅጂ መብት የቀራጩ እንጂ የተቀረጸው ሰው አይደለም፤ የሌለንን መብት አለን ብሎ መክሰስ ሐሰት ነው። ከዚህም በላይ በቅጂ መብት ክስ የከሳሹ ስም ለተከሳሹ ይደርሳል፤ ለሸሸገ ሰው ይህ ራሱ ሌላ መጋለጥ ነው። አንዱ ቪዲዮ በመጀመሪያው አቤቱታ ወረደ። ሁለተኛው ውድቅ ተደርጎ ነበር፤ ስሟ የሚጠራበትን ሰከንድ ጠቅሳ ዳግመኛ ስታመለክት እርሱም ተነሣ። የቲክቶኮቹም በመተግበሪያው ውስጥ ባለው ሪፖርት ማድረጊያ በሳምንታት ውስጥ ጠፉ።

ቪዲዮዎቹ ከወረዱ በኋላ እንኳ በጉግል ስሟ ሲፈለግ ርእሱ ከነትንሿ ምስል ይታይ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልጠፋም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ጉግል ያሳየ የነበረው ቀድሞ የመዘገበውን ጥላ ነው። ጊዜ ያለፈበት ውጤት እንዲታደስ የሚጠየቅበት የጉግል ገጽ አለ፤ ሊንኩን አስገብቶ ማመልከት ብቻ ነው የሚፈልገው። ከሁሉ የቀለለው ሥራ እርሱ ሆነ።

የቴሌግራሙ ግን እስከ ዛሬ አለ። የቻናሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ያቀረብናቸው ሪፖርቶችም ምላሽ አላገኙም። በየሰዉ ስልክ የወረደውንም ማንም አይሰበስበውም። ይህን ለእኅታችን ከመጀመሪያው ቀን ነግሬያት ነበር። ሁሉም ይጠፋል ብሎ ማጽናናት በኋላ የሚያስከትለው ኀዘን የባሰ ነውና።

ስለ ሕጉም ጠይቀን ነበር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ጥበቃውን የመቆጣጠር ሥልጣንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የጤና ሁኔታና የሃይማኖት እምነት በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ናቸው። የእኅታችን ቪዲዮ ሁለቱንም ይዟል። ደብተሩን ይዛ አቤት ማለት ትችል ነበር፤ ወደ ጠበሉ መልሳ ክርክር ላለመውሰድ ስትል ተወችው። ምርጫው የእርሷ ነው። በአውሮፓ የምትኖሩ ምእመናን ደግሞ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 17 መሠረት መረጃችሁ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ይህ መብት በአውሮፓ የታወቀው በአንድ ስፔናዊ ጉዳይ ነው። ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንዛሌዝ የተባለው ሰው በ1998 እ.ኤ.አ. በዕዳ ምክንያት ንብረቱ ለሐራጅ መቅረቡን ላ ቫንጋርዲያ የተባለው ጋዜጣ አውጥቶ ነበር። ዕዳው ካበቃ ከዓመታት በኋላም ስሙ በጉግል በተፈለገ ቁጥር ያ ማስታወቂያ ይወጣ ነበርና አቤት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግንቦት 5 ቀን 2006 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ጋዜጣው በቦታው ቢቆይም ጉግል በሰውዬው ስም ሲፈለግ ሊንኩን እንዲያነሣ ፈረደ። የሚገርመው፣ እንዲረሳለት የፈለገው የሐራጅ ጉዳይ በፍርዱ ምክንያት በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ እነሆ እኛም በአማርኛ እያወራንለት ነው። አቤቱታ በድምፅ ማጉያ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ከዚህ ማየት ይቻላል።

የወንድሟ ስልክ ሌላ ጣጣ ነበረው። ቪዲዮው ከወረደ በኋላም «መድኃኒት አለን፣ ገንዘብ ላኩ» የሚሉ ሰዎች ይደውሉለት ነበር። የደዋይን ስም በሚያሳዩ መተግበሪያዎች ላይ ቁጥሩ ከእኅቱ ስምና ከጠበሉ ስም ጋር ተያይዞ ተመዝግቦ አገኘነው። እርሱ እንዲህ ብሎ አልመዘገበም። የሚያውቁት ሰዎች በስልካቸው እንዲያ ብለው የያዙት ስም ነው ወደ አደባባይ የወጣው። ከነዚህ መተግበሪያዎች ትሩኮለር ቁጥርን ከዝርዝሩ ማስወጫ ገጽ አለው፤ ተጠቃሚ የሆነ ሰው አስቀድሞ መለያውን መዝጋት ይኖርበታል፤ ቁጥሩም በ+251 ጀምሮ ይጻፋል። በቴሌግራምም ቅንብር ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ማንም እንዳያየው፣ በቁጥሩም ከሚያውቃቸው በቀር ማንም እንዳያገኘው አደረገ። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ አብዛኛው ከነስልክ ቁጥሩ፣ ለሕዝብ የተበተነው ሰዎች ጓደኛን በስልክ ቁጥር እንዲፈልጉ የተሠራው መንገድ ስለ ተበዘበዘ ነበር።

ከነዚህ አምስት ወራት ያስተዋልኩት፣ ስለ እኅታችን በመረጃ መረብ ከተገኘው ሁሉ እርሷ ራሷ ያወጣችው አንድም አለመኖሩ ነው። ቀራጩ ለእምነቱ የቀና ሰው ነበር። ስልክ ቁጥሩን የጻፈው እንድትረዳ ፈልጎ ነው። በየስልኩ «የጠበሏ ልጅ ወንድም» ብለው የመዘገቡትም ወዳጆች ናቸው። የይለፍ ቃልን ማጠንከር መልካም ነው፤ የሚወዱን ሰዎች ከሚያወጡብን ግን አያድንም። ስለዚህ ጉዳዩን ወደ ራሳችን ሰንበት ትምህርት ቤት አመጣነው።

በአገልግሎት ጉባኤው ላይ ክርክር ተነሥቷል። አንድ ታላቅ ወንድማችን «የክርስትና ቀን ፎቶ ምን ነውር አለው? ደስታ አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ነውር የለበትም። ነገር ግን ሕፃኑ አልተጠየቀም፤ ወላጆቹም ካሜራ ስላዩ ብቻ ፈቀዱ አይባልም። ከብዙ ውይይት በኋላ ለእያንዳንዱ ፎቶ ወላጅ እንዲጠየቅ፣ የሕፃናት ክፍል ስም ዝርዝር ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ክፍት በሆነ ሰነድ እንዳይቀመጥ፣ ከስም ጋር የትምህርት ቤታቸው መለያ ልብስ የሚታይበት ምስል እንዳይለቀቅ ተወሰነ። በጠበል ቦታ ጉዞ ስናደርግም ተጠማቂ እንዳይቀረጽ ከጉዞው በፊት ይነገራል። ይህ የመጨረሻው እንደሚከብድ አልክድም፤ ስልክ በሁሉ እጅ አለና።

ረጅሙ ውይይት ግን ስለ ጸሎት ማሳሰቢያ ነበር። በየቡድኑ እንደምታዩት የታመመ ሰው ሲኖር ሙሉ ስሙ፣ የበሽታው ዓይነት፣ ሆስፒታሉ፣ የአልጋ ቁጥሩ፣ አልፎም የባንክ ሒሳቡና የአስታማሚው ስልክ በአንድ መልእክት ይወጣል። በአስታማሚው ስልክ ገንዘብ ለመላክ የሞከረ ሁሉ ደግሞ የባለቤቱን ስም በዚያው ያየዋል። አንዳንዴ ፎቶው ከነኦክስጅኑ ይጨመራል። ለዚህ ከድሮ ጀምሮ በእጃችን ያለ መፍትሔ አለ፤ እርሱም የክርስትና ስም ነው። ለካህን የጸሎት ስም ዝርዝር ሲሰጥ «ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ» ተብሎ እንጂ ከነአባት ስምና ከነአድራሻ አይሰጥም። በአንድ አጥቢያ ስንት ወለተ ማርያም አለች! ጸሎቱን የሚቀበለው የትኛዋ እንደ ሆነች ያውቃል፤ ጉግል ግን አያውቅም። ስለዚህ በቡድናችን የክርስትና ስም ብቻ እንዲጻፍ፣ መርዳት የሚፈልግ ግን አስተባባሪዎችን ለብቻ እንዲጠይቅ ተስማማን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት በቡድኑ ላይ «ወለተ ሥላሴ ነገ ቀዶ ሕክምና አለባትና በጸሎታችሁ አስቧት» ብለው ብቻ ጻፉ። አንድ ወጣት ወዲያው «እናቴ፣ የት ሆስፒታል ናት? ስልኳንስ ቢጽፉልን?» ሲል ጠየቀ። እርሳቸውም «ለጸሎቱ ስሟ ይበቃል ልጄ፤ ልትጠይቃት ካሰብህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ» ብለው መለሱለት።